ሐኪሙ የሚያክመው የነገርነውን ነው!

(በአዳማ ከተማ በአንድ እድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የዝግጅት ክፍሉ ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች የምታነቡትን ንግግር ያሰሙት አንዲት የአዳማ (ናዝሬት) ነዋሪ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። አባታቸውን ስድስት ዓመት አስታመዋል። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን ትተነዋል። እዚህም እዚያም ከማሳጠራችን በቀር ከራሳችን የጨመርነው የለም።



ሰብሳቢያችን «ስለ አባትሽ ሕመም ትንሽ ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምን ብዬ ልናገር? እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ጠመኔ ስፈጭ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ። ኋላ ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ግን፣ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቤቱ የጃጀ አባት ወይም የምትረሳ እናት የሌለው ስንቱ ነው? አልኩና መጣሁ።

ስለ በሽታው ላስተምራችሁ አይደለም። የማወራችሁ ከሐኪም ጋር እንዴት እንደሚወራ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ያስቸግራል? አፍ አለን አይደል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ዋጋ አስከፈለኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። የዚህኛው በሽታ ጉድ ግን ለብቻው ነው። በሽተኛው ብዙውን ጊዜ መታመሙን አያውቅም። ስለዚህ አይደብቅም። የምንደብቅለት እኛ ነን!

«ባቡሩ ደረሰ፣ ተነሺ!»

አባቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርጎ ናዝሬት የሚገባው ባቡር እንጀራቸው ነበር። ያ ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ! አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ያለ ነው። አባቴ ግን በዚያው ዓመት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የድሮ የሥራ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ «ባቡሩ ደረሰ፣ ተነሺ!» ይሉኝ ጀመር።

መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ የጡረታ ገንዘባቸውን ጫማ ውስጥ ደብቀው «ሠራተኛዋ ሰረቀችኝ» አሉ። ልጅቷ አልቅሳ ከቤት ወጣች። ገንዘቡ ከወር በኋላ ተገኘ። ከዚያ ደግሞ የሞቱትን እናቴን «የት ሄደች?» እያሉ መጠየቅ መጣ። በመጨረሻ እኔን በሟች እህታቸው ስም ይጠሩኝ ጀመር።

ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? «እርጅና ነው!»

ወገኖቼ፣ ይህቺን ቃል ዛሬ እዚሁ ትተናት እንውጣ። እርጅና ፀጉር ያሸብታል፤ ጉልበት ያደክማል፤ የሰው ስም ቶሎ አላስታውስ ይላል። ሰው የገዛ ልጁን እንዳያውቅ፣ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ መመለሻው እንዲጠፋው የሚያደርገው ግን በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ይህ የመርሳት በሽታ፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አልዛይመር የሚባለው አንዱ ዓይነት ነው፤ ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል።

አምስቷ ደቂቃ

የመጀመሪያ ቀን ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ምን ሆነ መሰላችሁ? አባቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በፈረንሳይኛ ሰላምታ ሰጡ! ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ደስ አለው።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ነኝ። ይቺ ልጅ ናት እየጎተተች ያመጣችኝ!»

ዶክተሩ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «እኚህ አባት ከእኔም ይሻላሉ። ምን ሆነው ነው?»

አሁን ምን ልበል? አባቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ በሰፈር የተከበሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው «ሽንታቸውን ልብሳቸው ላይ ይለቃሉ» ልበል? «ጎረቤት ይሳደባሉ» ልበል? ይሉኝታ አፌን ያዘው። «ትንሽ ይረሳሉ፤ እንቅልፍም የላቸውም» አልኩ።

ትንሽ!

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ትምህርት ቤት ለመሄድ ስል አባቴን ከውጭ ቆልፌባቸው ነበር የወጣሁት። ስመለስ በሩን ሲደበድቡ ውለው ጣታቸው ደምቷል። እናንተ ፊት ስናገረው ዛሬም ያፍረኛል። ለዶክተሩ ግን ይህን አንዱንም አልነገርኩትም። ደም ግፊት ለካ፣ ልብ አዳመጠ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፈ፣ «የሚቀጥለው!» ተባለ። በዶክተሩ እፈርዳለሁ? አልፈርድም። እኔ የሰጠሁት «ትንሽ ይረሳሉ» የምትል ሁለት ቃል ነው። የከፈለኝም በዚያው ልክ ነው።

ይሄን ልብ በሉ። የዚህ በሽታ ሕመምተኛ በእንግዳ ሰው ፊት ለአምስት ደቂቃ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የኖረበት ጨዋነትና ሰላምታ ከሁሉ ነገር በኋላ ነው የሚጠፋው። ዶክተሩ የሚያየው አምስቷን ደቂቃ ነው። ቀሪውን ቀንና ሌሊት ያየነው እኛ ነን።

ፌስታሏ

በአራት ወር ውስጥ ሦስት ክሊኒክ አዳረስኩ። የት የት እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ በዋናነት የእኔ ነውና። አንዱ ለእንቅልፍ ሰጠን፣ አንዱ ለሽንት፣ አንዱ «ለነርቭ»። ጉንፋን ሲይዛቸው ደግሞ እኔው ራሴ ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። አንዱ ሐኪም ስለሌላው አያውቅም። ለምን? «ሌላ ጋ ሄደሽ ነበር እንዴ?» ብለው እንዳይቀየሙኝ ፈርቼ!

አባቴ ባሰባቸው። አፋቸው ደረቀ፣ ሽንት እምቢ አለ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው እያዩ ማውራት ጀመሩ። አንድ ሌሊት ወደቁ። እኔ በሽታው የጨረሳቸው መስሎኝ ወንድሞቼን ጠራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ ድንኳን ሁሉ አስቤ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ግን አንዲት ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እማማ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽልኝ ነይ። ያለቀውን ካርቶን ሳይቀር።» አመጣሁ። ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና አንድ በአንድ አነበበች። ሁለቱን ለብቻ አስቀመጠች። አንዱ «አሚትሪፕቲሊን» ይላል፤ ለእንቅልፍና ለነርቭ ተብሎ የተሰጠን ነው። አንዱ «ክሎርፌኒራሚን» ነው፤ እኔ ለጉንፋን የገዛሁት። «እነዚህ በሽማግሌ ላይ አእምሮ ያደበዝዛሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ። ሁለቱ ሲደረቡ ደግሞ ይብሳል» አለችኝ። አንዱን ወዲያው፣ አንዱን ቀስ በቀስ አስቆመች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ ቡና ሳቀርብላቸው ቀና ብለው አዩኝና በስሜ ጠሩኝ።

በሽታው ለቀቃቸው ወይ? አልለቀቀም። የመርሳቱ በሽታ እዚያው ነበር፤ ቀስ እያለ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ ወሰዳቸው። ነገር ግን እነዚያን አራት ወራት አባቴን የነጠቀኝ በሽታው አልነበረም። ዝምታዬ ነው! ሐኪሙ የሚያክመው የነገርነውን ነው። ያልነገርነውን ከየት አምጥቶ ያክማል?

አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን መድኃኒት አውጥታችሁ እንዳትጥሉ። በድንገት ሲቋረጥ የሚጎዳም አለ። በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ ነው የምለው።

የቤተ መንግሥቱ ገመና

ይህ መደበቅ የድሃ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በተደጋጋሚ በሚመላለስ የአንጎል ምት ታመው ነበር። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ከመታቸው ከባዱ ሕመም በኋላ አካላቸው ሰለለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ያ አድዋ ላይ ያዘመተ አእምሮ ደከመ። እቴጌ ጣይቱ አልጋቸው ሥር ሆነው አስታመሙ። መጋቢት 1902 ላይ ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ሲደረግ እንኳ ባላቸውን ማስታመም አልተዉም።

ጠበልም ተሞከረ፣ የፈረንጅ ሐኪምም ገባ። ግን ቤተ መንግሥቱ ሕመሙን ይደብቃል፤ መኳንንቱ በሹክሹክታ ይኖራል፤ ሐኪምና ሐኪም አይግባባም። ሽታይንኩህለር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም መጣና «ንጉሡ መርዝ እየተሰጣቸው ነው» ብሎ አረፈው! ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይመን? አስታማሚው ሐኪሙን ይጠረጥራል፤ ሐኪሙ አስታማሚውን ይጠረጥራል። ንጉሡ በዚሁ መካከል ዓመታት ተኝተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ራሱ ተደብቆ ቆየ።

በዚያ ዘመን ሕክምናው ራሱ ገና ስለነበር ቢነገርም ላይድኑ ይችላሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። አስታማሚና ሐኪም ካልተማመኑ ቦታውን የሚይዘው ወሬ ነው። የመንግሥት ጉዳይ ስለነበር ደበቁ እንበል። እኛ የምንደብቀው የማንን ዙፋን ፈርተን ነው?

ከቤት ሳትወጡ

እንግዲህ ከስድስት ዓመት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ ጀመረ? ቀስ እያለ ነው ወይስ በአንድ ቀን? ድሮ ይሠሩት የነበረውና አሁን ያቃታቸው ምንድን ነው? ገንዘብ መቁጠር? ልብስ መልበስ? ሽንት ቤት ማግኘት? እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መውደቅ፣ ጠፍቶ መገኘት… «ይረሳሉ» ብቻ አትበሉ። «ማክሰኞ ዕለት ምድጃ ላይ ድስት ጥደው ወጡ፤ ቤቱ ሊቃጠል ነበር» በሉ። ሐኪም በአንዲት ምሳሌ የሚገባው በአሥር «ትንሽ» አይገባውም።

አልዛይመር የሚለው ስም እንኳ የመጣው እንዲህ ካለ መዝገብ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. አሎይስ አልዛይመር የተባለ ሐኪም ፍራንክፈርት ላይ የ51 ዓመት ሴት ቀረበችለት። ጠየቃት፤ መልሷን ቃል በቃል ጻፈ። የባልሽ ስም ማነው ሲላት የራሷን ስም ነበር የምትመልሰው። እሷ ካረፈች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በ1906 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ። ማይክሮስኮፑ የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ የነበረው ጥያቄ፣ ጆሮና ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚያሳፍረውን ለብቻ ንገሩ። በሽተኛው ፊት ገመናቸውን መዘርገፍ አያስፈልግም፤ ቢረሱም ክብር ይሰማቸዋል። ወረቀቱን አስቀድማችሁ ለሲስተሯ ስጡ። ወይም «ዶክተር፣ ሁለት ደቂቃ ለብቻ ላናግርህ» በሉ። እኔ የመቆለፉን ነገር የነገርኳት እንደዚህ ነው። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። «ቀን ቀን የሚያያቸው ሰው የለም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ለካስ ትልቁ ጥያቄ እሱ ኖሯል! የእናንተንም ድካም ተናገሩ። የማይተኛ አስታማሚ፣ እጁን ሊያነሳ የቃጣው አስታማሚ፣ እሱም ሕክምና ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ አንድ አፍ ይኑር። የኛ ነገር ታውቁታላችሁ፤ አምስት ዘመድ ተግተልትሎ ገብቶ አምስቱም ያወራል። ወንድሜ ከአሜሪካ በስልክ «ዶክተሩን አቅርቢልኝ!» ብሎ ሐኪሙን ሲያስተምር ሰዓቱ አልቆ ወጥተናል። ገንዘብ የሚልክ ይላክ፣ ጥያቄ ያለው አስቀድሞ ያጽፍ። ሐኪም ፊት የሚናገረው ግን አብሮ የሚያድረው ሰው ነው።

አራተኛ፣ ጠበሉንም፣ የባህል መድኃኒቱንም፣ አረቄውንም፣ ጫቱንም ንገሩ። ጠበል የምታጠጡ ብትሆኑ ሐኪሙ እንዳይስቅባችሁ አትፍሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ኤች አይ ቪ ላለባቸው ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ባዶ ሆድ ይዋላል ወይ፣ መድኃኒቱ ይዘለላል ወይ የሚለውን ነው። በጾምም፣ በረመዳንም ያው ነው።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ሐኪሞች መርሳትን የሚለኩበት ጥያቄ አላቸው። ቀኑ ስንት ነው? የት ነን? እነዚህን ሦስት ቃላት ያዝ፣ በኋላ እጠይቅሃለሁ። ሰዓት ሣልልኝ። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ግን አባቴ ላይ የሆነውን ስሙ።

«አባባ፣ ይህቺ ከተማ ማን ትባላለች?» «ናዝሬት!» ልጁ ሊጽፍ እርሳሱን አነሳ። እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ዶክተር፣ እሱ ስህተት አይደለም! አዳማ በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተብላ ኋላ ነው ወደ አዳማ የተመለሰችው። እሳቸው የሥራ ዘመናቸውን ናዝሬት ብለው ነው የኖሩት።» ቀጠለ። «አገሩን የሚመራው ማነው?» «ጃንሆይ ናቸዋ!» እሱን ግን ዝም አልኩ… እሱ ስህተት ነው።

ምን ለማለት ነው? የእናንተን ሰው ለሐኪሙ አስተዋውቁት። ፊደል ያልቆጠረች እናት ሰዓት ሣይ ብትባል ድሮም አትሥልም። የወሩን ቁጥር የማታውቅ እናት ግን ዛሬ ሚካኤል ነው ወይስ ገብርኤል፣ የገበያው ቀን መቼ ነው ብትባል ድሮ አትስትም ነበር። አሁን ከሳተች ያ ነው ምልክቱ። በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ ሰዓት የሚጠየቁት? በእኛ ዓመተ ምሕረት ነው በእነሱ? ጆሮ ይሰማል ወይ? ዓይን ያያል ወይ? ያልሰማውን ጥያቄ ያልመለሰ ሽማግሌ ረሳ አይባልም።

ቋንቋም አለ። አባቴ አርሲ ውስጥ ተወልደው የልጅነት ቋንቋቸው ኦሮምኛ ነበር። በሥራ ዘመናቸው አማርኛና ፈረንሳይኛ ይናገሩ ነበር። በሽታው ሲገፋ የኋለኛው ቋንቋ ቀድሞ ሄደ፣ የልጅነቱ ቀረ። በአማርኛ ሲጠይቋቸው ዝም ይላሉ። «በቃ፣ አይናገሩም» ተባለ። አንድ ቀን ወለል የምትወለውል ሴት ቀና ብላ «አካም ጂርቱ፣ አባ?» አለቻቸው። እኚያ የማይናገሩ ሽማግሌ ሩብ ሰዓት አወሩ! ጉልበታቸውን ሌሊት ሌሊት እንደሚያማቸውም ያን ቀን ነው የሰማነው። እንቅልፍ የነሳቸው ለካ አንዱ እሱ ነበር። እንግዲህ እዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ በየቤቱ ሁለት ሦስት ቋንቋ አለ። «ልጅ ሳሉ የሚናገሩት ይህን ነው» ብላችሁ ንገሩ።

ጠይቁ እንጂ!

ሐኪም ፊት ቀርበን «እሺ፣ እሺ» ብለን ወጥተን በር ላይ «ምን አለ?» የምንባባል ሰዎች ነን። ጠይቁ! የበሽታው ስም ምንድን ነው? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? ይህ መድኃኒት ለምኑ ነው? ምን ጉዳት አለው? መቼ ይቆማል? መቼ እንመለስ? ከዚያ የተባላችሁትን መልሳችሁ ንገሩት። «ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለሁለት ሳምንት ነው ያልከኝ፣ አይደል?» በዚህ የሚቆጣ ሐኪም ብዙ አላገኘሁም።

የደም ምርመራ ሲታዘዝ ደግሞ አትቆጡ። ወንድሜ «አባቴን የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራ? ደፈሩን!» ብሎ ሊጣላ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውን የሚያስረሱ፣ ከታወቁ ግን ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ከባድ ድብርት፣ ከወደቁ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም። የራስ ቅል ፎቶ የሚታዘዘውም እንዲህ ያለውን ለማየት ነው። ውድ ነውና «ምን ፈልገህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

የሚቃዡትንና የሚቆጡትን ለማረጋጋት የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 እና በ2008 እ.ኤ.አ. እነዚህ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው ሽማግሌዎች ላይ የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። አንዳንዴ ግድ ሊሆን ይችላል። ግን «ሳይሰጥ ሌላ መንገድ አለ ወይ? በትንሹ፣ ለአጭር ጊዜ ነው ወይ?» በሉ።

«ይድናሉ ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ፤ መልሱን ለመስማትም ጨክኑ። አልዛይመርን ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። እንደ ዶኔፔዚል ያለው ለአንዳንዱ ለጊዜው ያግዛል። «በአንድ መርፌ አድናለሁ» የሚላችሁ ካለ ኪሳችሁን ያዙ!

ድንገት ከሆነ አትቆዩ

ይህቺን አስምሩባት። የመርሳት በሽታ በወርና በዓመት ነው የሚሄደው። ትናንት የነበሩ ሰው ዛሬ ጠዋት ድንገት ከተቀባዠሩ፣ ከፈዘዙ ወይም ከታወኩ «በሽታቸው ተነሳ» ብላችሁ አትተኙ። የሽንት መመረዝ፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ ጥም ሊሆን ይችላል። እኛ ቆላ ነን፤ በወንጂና በመተሐራ በኩል ላለን ወባም አለ። ፊት ከጠመመ፣ እጅ ከሰነፈ፣ አንደበት ከተያዘ የአንጎል ምት ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። «ድሮም ይረሱ ነበር፤ ይሄ ግን የመጣው ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው» በሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ያተርፋል።

ለሐኪሞቻችንም አንድ ቃል

ጋዜጣ ላይ ይወጣል ስለተባልኩ ለእነሱም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቼ፣ ሥራችሁ እንደሚከብድ እናውቃለን። የነርቭ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ትናንት ማለት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደመወዛችን አላኖረን አለ ብላችሁ ሥራ ስታቆሙ፣ አንዳንዶቻችሁም ስትታሰሩ አይተናል። የተራበ ሐኪም ሽማግሌ በትዕግሥት እንዲያዳምጥ የሚጠብቅ መንግሥት ራሱ ሐኪም ያሻዋል።

ቢሆንም፣ በአምስቷ ደቂቃ ውስጥ አንዷን ለአስታማሚው ስጡ። «ቤት ውስጥ ምን ይሆናሉ?» በሉ። ከአባታችን ራስ በላይ በእንግሊዝኛ አትነጋገሩ። የበሽታውን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ንገሩን። ወደ አማኑኤል ሪፈር ስትጽፉልን ለምን እንደሆነ አስረዱን። እኔ ያን ሪፈር «አባቴን እብድ አሉብኝ» ብዬ ስምንት ወር ፍራሽ ሥር አስተኝቼዋለሁ። አንድ ሰው «እዚያ የመርሳት ሕመምንም የሚያዩ ሐኪሞች አሉ» ቢለኝ ኖሮ በማግስቱ እሄድ ነበር።

እድራችንስ?

የድሮ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ስንለው የኖርነው፣ በሜኖናይት ሚሲዮኖች ጊዜ ድሬሰሮች ይሠለጥኑበት ነበር። አባቴ ስለ እነዚያ ድሬሰሮች ሲያወሩ «ቁጭ ብለው ይጠይቁሃል» ይሉ ነበር። በሽታው ብዙ ነገር ሲወስድባቸው ይህቺን ግን አልወሰደባቸውም።

አባቴ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ፣ አልቃሽ አላጣሁም። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በስድስቱ ዓመት ውስጥ ሐኪም ቤት አብሮኝ የሄደ ሰው ሁለት ጊዜ ነው ያገኘሁት። አንድ እጄ አባቴን ይዟል፣ አንዱ ካርድ ያወጣል። በጤና መድን የምንታከም ሰዎች ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምረን በሪፈር ነው የምንሄደው፤ ሰልፉ ሁለት ሦስት ቦታ ነው። ሰልፍ ስይዝ አባቴ ይጠፋሉ፤ አባቴን ስፈልግ ሰልፉ ያልፈኛል። ሐኪሙ ፊት ስደርስ ልናገረው ያሰብኩት ሁሉ ከራሴ ጠፍቷል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ገንዘብ አይደለም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለበት አባል ወደ ሐኪም ሲሄድ እድሩ አንድ ሰው በተራ ይመድብለት። ያ ሰው ሰልፍ ይይዛል፣ ፌስታሏን ይይዛል፣ ሐኪሙ ያለውን ይጽፋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በተራው። ለቀብር የሚወጣ ሰው ለሕክምና መውጣት አያቅተውም። ሰብሳቢያችን ይህን በዛሬው አጀንዳ ላይ እንዲያስመዘግቡልኝ እለምናለሁ። የመጀመሪያውን ተራ እኔ እወስዳለሁ።